ቆርኪና ማጠንጠኛ

አቃቂ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ሌንሳ፣ ጅቡቲ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ! ሰላምታዬ ጋላፊ ኬላ ላይ ሳይፈተሽ፣ ቀረጥም ሳይከፈልበት አንቺ ዘንድ ይግባ። እኔም፣ እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ ያ የሚጮኸው ውሻሽም ሳይቀር ደህና ነን።

ዘንድሮ ክረምቱ አቃቂ ላይ ጨክኖ ነበር። ወንዙ ሞልቶ እስከ ግንብሽ ሥር ድረስ መጣና ገርመም አድርጎት ተመለሰ። ያ ሁሉ ድንጋይ ሲራገፍ «ገንዘቧን ለእንቁራሪት ትገነባለች» ብዬ የሳቅኩብሽ ሰውዬ አፌን ይዣለሁ። አንድ ስንጥቅ የለበትም። ባሕር ዛፎችሽም ከጣሪያው በልጠዋል። ክፍሏን እናቴ በየቅዳሜው እየከፈተች ታናፍሳታለች፤ ቁልፉን ግን ለእኔ አታስነካኝም። «የልጄ ቤት ነው» ትለኛለች፣ እኔ የእንጀራ ልጅ የሆንኩ ይመስል።

የእኔው የላዩ ቦታ እንደምታውቂው ነው። አስፋልት ዳር ጎሚስታ መሆን ማለት መንገዱ ራሱ ደንበኛ እየገፋ ያመጣልሻል ማለት ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ፈቀደ እንኳ ባለፈው ጎማው የፈነዳበት ደጄ ላይ ነው! ሰው «ሞቲ ዕድለኛ ነው» ይላል። ነኝ እኮ፣ ምን ልደብቅ? አንዳንዴ ደጄ ቆሜ ያንን የዕጣ ቀን አስበዋለሁ። ሰውዬው እጁን ከባርኔጣው ሲያወጣ ቆርኪዬ ፀሐይ ላይ ብልጭ ስትል ልቤ ልትወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሎተሪ ብቆርጥ፣ ቶምቦላ ብቆርጥ፣ ወይ ፍንክች! ዕድሌን ያን ቀን ጨርሼያት ይሆናል። ቆርኪዬም ያንቺም ማጠንጠኛ እንደ ወጉ እናቴ ሣጥን ውስጥ ለምስክር እንደተቀመጡ ናቸው።

ሌላ ወሬ የለም። ባለፈው ሳምንት ሰዎች መጥተው ደጄ ላይ ያለውን የመብራት ምሰሶና የአጥሬን ጥግ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። ምንድነው ብላቸው «እኛ ቀቢዎች ነን» አሉኝ።

እዚያ ያገለገለ የነፋስ መሙያ ማሽን እንደሚሸጥ ሰምቻለሁ፤ እስቲ ጠያይቂልኝ።

አዝለሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ፣
ሞቲ ፈየራ


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ሞቲ፣ አቃቂ

ላንተ ሰላም፣ ለእናትህ ለእትዬ ዲንቄ ጉልበት፣ ለውሻዬ ደግሞ ልብ ይስጥልኝ። ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኸው አንተ አበላሽተኸው ነው፤ እኔ ስሄድ ጨዋ ነበር።

ፈቀደ ምግብ የምሸጥበት ቤት ገብቶ ምሳ ከማዘዙ በፊት ደብዳቤህን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሌሎቹ ሹፌሮች ይስቁብኛል። «በዚህ ዘመን ደብዳቤ? ስልክ የላችሁም?» ይላሉ። ምን ያውቃሉ! እኔና አንተ በስልክ ከሰላምታ ሳናልፍ መጣላታችንን የት አይተው። ደግሞስ አባዬ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲል አይደል ያደግነው።

ስለ ዕጣው ቀን ስትጽፍ ሳቅኩ። አንተ የምታየው ቆርኪህን ብቻ ነው። እኔ ያልነበርኩበትን ቀን ከሰማሁት ሰፍቼ ሰፍቼ አሁን የነበርኩበት መስሎኛል። እርሻችን ለቤት መሥሪያ ሲወሰድ ሁለት ምትክ ቦታ ተሰጠ፤ አንዱ አስፋልት ዳር፣ አንዱ ወንዝ አፋፍ። ሽማግሌው ኦቦ ጀቤሳ «ፈየራ፣ ወንዱ ልጅህ ይምረጥ እንጂ፤ ሌንሳ እኮ የእህትህ ልጅ ናት» ሲሉት አባዬ ምን አላቸው? «እናቷን ከቀበርኩ ጀምሮ ልጆቼ ሁለት ናቸው። ዕጣ ይፍረድ።» መንገድ የሚሄድ፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ ሰው ተጠራ። አንተ ቆርኪ ሰጠህ። ለእኔ ደግሞ እናቴ ከክር ፋብሪካ ያመጣቻትን የእንጨት ማጠንጠኛ አባዬ አስገባልኝ። ዕቃው የማን እንደሆነ የማያውቀው ሰውዬ ከባርኔጣው መጀመሪያ ያወጣው ለላዩ፣ የቀረው ለታቹ ሆነ። አለቀ። አባዬም «ዕጣ ከወጣ በኋላ ፊት አይጠቁርም» አለ።

የእኔ ፊት ግን ጠቁሮ ነበር፤ ዛሬ ልንገርህ። የታቹ ወጣልሽ ስባል ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ። አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ልከፍት፣ በልቤ ወንበሩን ሁሉ ደርድሬ፣ ምልክቱን ሁሉ ሰቅዬ ነበር እኮ! ሰነበትኩና አንድ ቀን ተነሥቼ ለመጣው ሹፌር ሁሉ በነፃ ምሳ አበላሁ። «ምን ተገኘ?» ሲሉኝ «ወንድሜ ዕጣ ወጣለት» አልኳቸው። ስናገረው ጊዜ እውነትም ደስ አለኝ። ከእግዜር እጅ የመጣ ሽንፈት አያዋርድም። ሰው አሸንፎኝ ቢሆን እስከ ዛሬ ያንገበግበኝ ነበር።

አንተ ነህ መሸነፍ የማታውቀው። ዘውድ ጎፈር ስንጫወት ሳንቲሟ ከከዳችህ «አልተቆጠረም! ይደገም!» እያልክ አፈር ላይ ትንከባለል ነበር። እኔም ሞኝ፣ እደግምልሃለሁ። አባዬ «አታስለምጂው፣ የማይደገም የመጣበት ቀን ምን ሊሆን ነው?» ይለኝ ነበር።

ማሽኑን እጠይቃለሁ። እኔ ግን ከፋሲካ በኋላ ጠቅልዬ ልገባ ነው። ጉልበቴ በቃኝ ብሏል፤ ይህ ሙቀትም ከሰው ጋር አይኖርም። አንዲቷ ክፍል ትበቃኛለች። ግንቡ ላይ ተቀምጬ ወንዙን ስሳደብ እውላለሁ።

ቀይ ቀለሙን ደግሞ ዝም አትበለው። ቀቢ ዝም ብሎ አይቀባም።

እህትህ ሌንሳ


አቃቂ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ፣ ከእናቴ ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው እታለም ሌንሳ

የአባዬ አምላክ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ጉልበትሽን ይማርልኝ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ አለሁ ካልሽው።

አፍሽን ይቁረጠው እንዳልልሽ እወድሻለሁ፤ ያልሽው ግን ደረሰ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ፣ ተለካ፣ የላዩ ቦታ ሙሉ በሙሉ መንገድ ውስጥ ገባ። ሱቁን በገዛ እጄ አፈረስኩ። ቆርቆሮውን ስነቅል ሚስማሩ ሁሉ እየጮኸ ነው የወጣው። ምትክ ሰጥተውኛል፤ የት መሰለሽ? ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ባጃጁ ራሱ «እዚያማ አልሄድም ወንድሜ» የሚልበት ሜዳ። ማን ነው እዚያ ሄዶ ጎማው የሚፈነዳበት? ጅብ?

እታለም፣ መክሰሩን እችለው ነበር። ያቃጠለኝ ሰው ነው። «አይዞህ» ይሉኛል፣ ዓይናቸው ግን ይስቃል። ለካ ዕድለኛ ሲባል የኖረ ሰው ሲወድቅ ለሰፈሩ ዓመት በዓል ነው! ከፊት ለፊቴ ሻይ የምትሸጠዋ እንኳ «ዕድል በተራ ነው፤ አንዱን ዓመት ለእኛ፣ አንዱን ላንተ» ብላ ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ምን ወሰድኩባቸው? ቆርኪዬ ወጣች እንጂ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። ጎማዎቹና ዕቃዎቼ ደጅ ላይ ናቸው። ለጊዜው አንቺ ግቢ ላስቀምጣቸው። እናቴ «ሌንሳ ሳትፈቅድ ቁልፉ አይወጣም» ብላ ሙጭጭ ብላለች። ቃል ጻፊላት። ማሽኑን ተይው።

ወንድምሽ ሞቲ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሞቲዬ፣ ወንድምዓለም

አይዞህ። እኔ ስልህ ዓይኔ አይስቅም፣ ታውቀኛለህ። ደብዳቤህን ፈቀደ ፊት አንብቤ አለቀስኩና ሰውዬው ወጡ በርበሬ በዝቶበት ያቃጠለኝ መስሎት ውሃ አቀበለኝ።

እትዬ ዲንቄ፣ ቁልፉን ስጪው። ይኸው በእጄ ጽፌያለሁ። ዕቃህን አግባ፣ ዝናብ እንዳይመታው ቆርቆሮህንም ባሕር ዛፎቹ ላይ አስደግፈህ ጥላ ሥራበት። ሥራ ከተገኘም እዚያው ሥራ፤ እስክመጣ ባዶ ቦታ ነው። ቤቴ ቤትህ ነው።

ምትኩንም አትናቀው። የአቃቂ አስፋልት ራሱ በአባዬ ልጅነት በሬ የሚሰጥምበት ማጥ ነበር። ሰው ይሳቅ፤ ሳቅ ጎማ አይሞላም። ተገናኝተን እንመክርበታለን።

ዛሬ ለሚሄድ መኪና ስለምሰጠው አሳጠርኩት።

እህትህ ሌንሳ


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት እህቴ ለወይዘሮ ሌንሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰንብተሻል። ለመጪው ገና እንኳን አደረሰሽ።

መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ፈቀደ ደጋግሞ መጥቶ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። የምጽፈው ነገር አፌ ላይ እየመጣ እየተመለሰ ነው።

እታለም፣ ስለ ዕጣው ነው። አባዬ በታመመ ጊዜ፣ እኔና እሱ ብቻ ሆነን፣ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ያ መንገደኛ መንገደኛ አልነበረም። ከዱከም ገበያ ራሱ አባዬ ያመጣው ከብት ነጋዴ ነው። አስቀድመው ተነጋግረዋል። ሰውዬው እጁን ባርኔጣው ውስጥ ከቶ መጀመሪያ የጨበጠው ያንቺን ማጠንጠኛ ነበር። አባዬ ያን ጊዜ አሳለ። በሳሉ ተስማምተውበት ስለነበር ለቀቃትና ቆርኪውን አወጣ። እኔ አላውቅም ነበር፣ በአባዬ አጥንት እምላለሁ! ለእኔ ብሎ ነው ያደረገው። ስሙ እንዳይነሣ ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ።

አሁን ግን ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ዕጣው በትክክል ወጥቶ ቢሆን የላዩ ያንቺ፣ የታቹ የእኔ ነበር። እግዜር የፈረደው እንደዚያ ነው፤ ሰው ነው ያጣመመው። ስለዚህ የተጣመመው ይቃና። የታቹ ወደ እኔ ይመለስ፤ የላዩ ምትክ፣ የቱሉ ዲምቱው፣ ያንቺ ይሁን። ለግንቡ የወጣውን ቀስ ብዬ አስብልሻለሁ፣ ወንድምሽ አይደለሁ? ቦታው ደግሞ ለእኔ ሥራ ይመቻል። ውሃው ቅርብ ስለሆነ ላቫጆ ጀምሬበታለሁ፣ ታክሲዎቹ መኪናቸውን ማሳጠብ ለምደዋል። ክፍሏም ውስጥ ለጥበቃ ብዬ አድራለሁ።

እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። ዕጣ ከወጣ በኋላ ፊት አይጠቁርም።

አክባሪሽ ሞቲ ፈየራ


ጅቡቲ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሞቲ፣

ሰላምታ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ።

አባዬ አሳለ? አባዬ መቼ የማያስልበት ቀን ነበር! ሲጸልይ ያስላል፣ ሲስቅ ያስላል፣ ከሩቅ ሲመጣ የምናውቀው በሳሉ አልነበረም ወይ? ሰውን በሳሉ ከሰስከው?

ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ጨው ሁለት ጊዜ እጨምራለሁ፣ ሹፌሮቹ ዝም ብለው ይበሉታል። በር ሁለት ሆነብኝ፣ በሁለቱም ብገባ ጉድጓድ ነው። ያልከው እውነት ከሆነ፣ «ልጆቼ ሁለት ናቸው» ብሎ ያሳደገኝ ሰው እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለቅስ እያወቀ ዘርፎኛል። ውሸት ከሆነ ደግሞ አንተ መቃብሩ ውስጥ ገብተህ ስሙን ዘርፈሃል። ከሁለት አንዳችሁ ከድታችሁኛል። ማንኛችሁ? የትኛውን ልመርጥ ነው የምትፈልገው?

አሥራ አንድ ዓመት «ከእግዜር ነው» ብዬ የተቀበልኩትን ሽንፈት ከእጄ ላይ ነጠቅከኝ። ሽንፈቴ እንኳ የእኔ አልሆነም።

ነገሩን እንዲህ እናድርገው። ጥር 25 የአባዬ የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። ያኔ ዕጣው ላይ የነበሩት ሁሉ ይመጣሉ። ኦቦ ጀቤሳ ይኖራሉ፣ እናትህ ትኖራለች። ሰው በልቶ ሳይነሣ፣ ቁምና በአፍህ ተናገር። «አባቴ ፈየራ ዕጣ ላይ አታሏል» በል። ለእኔ በደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነው፤ ወረቀት አያይህም። እነሱ ፊት በለው።

ካልከው የታቹን ሙሉ ውክልና ፈርሜ እልክልሃለሁ። ግንቡንም፣ ክፍሏንም፣ ባሕር ዛፉንም። አንዲት ቃል አልጨምርም። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።

ካላልከው ደግሞ ይህን ደብዳቤህን እሳት ላይ እጥለዋለሁ። አልጠይቅህም። ለፋሲካ መጥቼ አንድ ትሪ ላይ እንበላለን፣ ላቫጆህንም እዚያው ትሠራለህ፣ እኔም እንደ ድሮው ይደገም እልሃለሁ።

ሌንሳ


አቃቂ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ሌንሳ

እንዳልሽው አደረግሁ።

ሰው በልቶ እጅ ሲታጠብ ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ስለ አባቴ የምናገረው አለኝ» ስል ሁሉም ሊያመሰግነው ነው ብለው ዝም አሉ። ቄሱ እንኳ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ አልኩት፤ እንዳልሽው፣ በዚያው ቃል፣ የሰውዬውን ነገርም፣ የሳሉን ነገርም።

ኦቦ ጀቤሳ «ልጄ፣ ጠጥተሃል?» አሉኝ። «አልጠጣሁም» አልኳቸው። «እንግዲያስ ብትጠጣ ይሻልህ ነበር» አሉና ከዘራቸውን ፈለጉ። ሰው በየተራ ወጣ። ወጥ ድስቱ ላይ ቀረ። «ነፍስ ይማር» ያለም የለም፣ ወደ እኔም ያየ የለም።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አንሥታ ለበሰች፣ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ኦቦ ጀቤሳ ቤት ናት። ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ «ተኝታለች» አሉኝ፣ ድምፅዋ ግን ይሰማኛል። ትመለሳለች። የት ትሄዳለች?

ያስባልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ በእኔና ባንቺ መካከል ይለቅ ብዬ ነበር። ለምን ሰው ፊት አልሽኝ? ምን እጠቀማለሁ ብለሽ? ቆርኪዬ የወጣች ቀን እንኳ እንደ ልጅ ዘልያለሁ። ዘንድሮ አሸንፌ እንደ ሌባ ነው በጓሮ የምሄደው። ሻይ ሻጯ ቀድሞ ትስቅብኝ ነበር፣ አሁን ስመጣ ፊቷን ታዞራለች።

የሆነው ሆኗል። ውክልናውን ከኤምባሲ አሠርተሽ በፈቀደ እጅ ላኪልኝ። ስም ማዛወሩ ጊዜ ይፈጃል፣ ሳይዘገይ ቢሆን ጥሩ ነው። ቃልሽን ታከብሪያለሽ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ሞቲ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሞቲ ፈየራ፣

ውክልናው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ማኅተሙን አይተህ ተረከብ። የታቹ ያንተ ነው። የቱሉ ዲምቱውን አልፈልገውም፤ ጅቡንም ጎማውንም ላንተ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። ዕጣው የወጣ ዕለት አንተ ስትዘል፣ አባዬ ኦቦ ጀቤሳ ዘንድ ሄዶ ስልክ አስደወለ። ስልክ የሚጠላ ሰው! ድምፁን ስሰማ አንድ ሰው የሞተ መሰለኝ። «ልጄ» አለኝ፣ «የላዩ ላንቺ እንዲወጣ ለገብርኤል ተስዬ ነበር። ሞቲ ወንድ ነው፣ አገሩም ላይ ነው፣ የትም ብሎ ይበላል። አንቺ ስትመለሺ የምትቆሚበት ይኑርሽ ብዬ ነበር። ዕጣው እምቢ አለኝ። ባርኔጣው የራሴ ነው፤ እጄን ሰድጄ ማጠንጠኛዋን ላውጣልሽ ብዬ ቃጥቶኝ ነበር፣ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።» አለቀሰ። ከዚያ ያው ሳሉ ያዘውና ስልኩን ኦቦ ጀቤሳ ተቀበሉት።

ገባህ ወይ? አባትህ የተሳለው አንተ እንድትሸነፍ ነው። ለእኔ፣ ለሚፈልገው እንኳ እጁን ያልሰደደ ሰው፣ ላንተ ብሎ ነው የሰደደው? ኦቦ ጀቤሳ ያን ቀን አጠገቡ ቆመው ሰምተዋል። ለዚህ ነው ጠጥተሃል ወይ ያሉህ።

ይህን እስከ ዛሬ የደበቅኩህ ላንተ ብዬ ነበር። «ማንኛችሁ?» ብዬ ስጽፍልህም መልሱን አውቀው ነበር። በየደብዳቤው «ዕድለኛ ነኝ» ስትል አነብባለሁ፣ ዝም እላለሁ። አባቱ በልቡ ከእኔ ጋር እንደነበር ካወቀ ይሰበራል እል ነበር። ሰው የማይሰበረውን ሰው እንዲህ ይጠነቀቅለታል!

ለምን ሰው ፊት አስባልሽኝ ብለሃል። አንተ እንዳትለው ነዋ! እኔም በተራዬ ዕጣ ጥዬ ነበር፣ ሞቲ። ቤቴን አስይዤ፣ ሞቲ አይለውም፣ አባዬን ሰው ፊት ለመክሰስ አፉ አይታዘዝለትም ብዬ። እርግጠኛ ነበርኩ። ፈቀደ ደብዳቤህን ይዞ የሚመጣ ቀን «አልቻልኩም፣ እታለም፣ ይደገም» ብለህ እንደምትጽፍልኝ አውቄ፣ ለሹፌሮቹ ሁሉ በነፃ ላበላ ሥጋ ገዝቼ ነበር። መኪናው ሲቆም እጄን ሳልታጠብ ነው የሮጥኩት።

አነበብኩት። ሥጋውን እንደ ሌላው ቀን ሸጥኩት።

ያኔ ስሸነፍ አበላሁ፤ እግዜር ነበር ያሸነፈኝ። አሁን ያሸነፍከኝ አንተ ነህ፣ ያውም ባዘልኩህ ጀርባዬ ላይ ሆነህ። ቤቱ አይደለም የቆጨኝ፤ ቤትስ ድንጋይ ነው፣ ወንዝም ይወስደዋል። እርግጠኛ የነበርኩበት ሰው ነው የቆጨኝ። እናደዳለሁ፣ አፍራለሁ፣ ደግሞ እንደ ቂል እናፍቅሃለሁ፣ ትንሹን ልጅ።

እትዬ ዲንቄ ተኝታ አይደለም። አትሂድባት። ቀለቧን በፈቀደ እጅ ለኦቦ ጀቤሳ እልካለሁ። እኔ ለፋሲካ አልመጣም፤ የምመጣበት የለም። ምጣዴ እዚህ ነው፣ ሹፌሮቹም ይርባቸዋል።

ውሻዬን አትምታው። ባንተ ላይ ቢጮኽም አትምታው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የእትዬ ዲንቄ ሣጥን ትታው በወጣችው ቤት ቀርቷል። ውስጡ ሁለቱ የዕጣ ዕቃዎች አሉ። ቆርኪውን እንደፈለግህ አድርገው። ማጠንጠኛዋን ግን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ለፈቀደ ስጠው። የእናቴ ናት፤ ያንተ ቆርኪ ካለበት ልትነሣ ይገባታል።

ይደገም ብለህ ደግሞ እንዳትጽፍልኝ።

ሌንሳ